ከ24 እንቁላል 17 ጫጩት፣ በሦስተኛው ሙከራ

ማክሰኞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሳሎን «ጪው» የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ሐሙስ ጠዋት ስቆጥር 17 ደርሰዋል። በመጀመሪያው ዙር 3፣ በሁለተኛው ዜሮ ነበር። ስለዚህ ትንሽ ብኩራራ አይፈረድብኝም።

በእጄ የሠራሁት የእንቁላል መፈልፈያ ራሱ ቀላል ነው። ወፍራም የፎም ሣጥን፣ ሁለት ባለ 40 ዋት አምፖል፣ ከተበላሸ ኮምፒውተር የነቀልኩት ማራገቢያ፣ ከታች ውሃ ያለበት ሰፊ ትሪ፣ እና ደብሊው 1209 የሚባለው ትንሽዬ ቴርሞስታት፤ ሙቀቱን በሴንሰር እየለካ አምፖሉን የሚያበራና የሚያጠፋ። ያንከራተተኝ አምፖሉ ነው። ሱቁ ሁሉ ኤልኢዲ ሆኗል፣ ኤልኢዲ ደግሞ አያሞቅም። የድሮውን ቢጫ አምፖል ፈልጉ። ሽቦውን በናስትሮ ብቻ ጠቅልላችሁ አትለፉት፤ ውስጡ እርጥበት ነው፣ መብራቱም 220 ቮልት።

አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ፤ ሙቀት።

የዶሮ እንቁላል ማራገቢያ ባለው ሣጥን ውስጥ 37.5 ዲግሪ ይፈልጋል፣ ለ21 ቀን። በመጀመሪያው ዙር ቴርሞስታቱ 37.5 ይላል፣ እኔም አምኜው ተኛሁ። ሦስቱ ጫጩቶች የወጡት በ23ኛው ቀን ነው። መዘግየት የብርድ ምልክት መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ሴንሰሩን የሰቀልኩት አምፖሉ ጎን ነበር። እሱ ቶሎ ይሞቃል፣ አምፖሉን ያስጠፋል፣ ጥግ ያሉት እንቁላሎች ብርድ ይመታቸዋል።

ሴንሰሩን አውርጄ እንቁላሎቹ መሃል፣ በቁመታቸው ልክ አደረግኩት። ማራገቢያውንም የጨመርኩት ያኔ ነው። ቁጥሩ ግን አሁንም ይዋልላል። ለካስ ፒ1 የሚባል ማስተካከያ አለ፤ ከፋብሪካ ሲመጣ 2 ዲግሪ ላይ ነው። 37.5 ላይ አምፖሉን ያጠፋና 35.5 እስኪወርድ ዝም ብሎ ያያል። ወደ 0.3 አወረድኩት። አምፖሉን የሚያበራና የሚያጠፋው ሪሌ ሌሊቱን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ልቤ ግን አረፈ።

አላረፈም። ቁጥሩ ራሱ ውሸታም ነበር። ብብት ስር የምናደርገውን የትኩሳት ቴርሞሜትርና ሴንሰሩን በላስቲክ አንድ ላይ አስሬ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከተትኳቸው። ቴርሞሜትሩ 37.5፣ ሴንሰሩ 38.3! የሴንሰሩን ስህተት የሚያርመው ፒ4 ላይ ገብቼ 0.8 ቀነስኩለት። ለዚያ ሁሉ ጣጣ መፍትሔው የፋርማሲ ዕቃ ሆነ።

«በ30 ደቂቃ ሥሩ» የሚሉት ቪዲዮዎች ያናድዱኛል። ሣጥኑን ያሳያሉ፣ ሙቀቱን አያሳዩም። እኔን ከሰማችሁ፣ ባዶውን ሁለት ቀን ሙሉ ሳታስኬዱት አንድም እንቁላል አታስገቡ። እውነቱን ለመናገር እኔ በሦስተኛውም ዙር ያስኬድኩት አንድ ሌሊት ብቻ ነው። አላስቻለኝም።

ሁለተኛው ዙርስ? 24ቱንም ከሱቅ ገዛሁ፤ የፈረንጅ እንቁላል። እዚያ እርባታ ውስጥ አውራ ዶሮ እንደማይኖር የነገረችኝ እናቴ ናት። በ21ኛው ቀን። እየሳቀች። በ7ኛው ቀን ጨለማ ውስጥ በስልክ መብራት ባያቸው ኖሮ ቀያዮቹ የደም ሥሮች አለመኖራቸውን አውቅ ነበር። የአሁኖቹ አውራ ካለው ጎረቤት የመጡ የሐበሻ እንቁላሎች ናቸው።

መገልበጡ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። በእርሳስ በአንዱ ጎን «ሀ»፣ በሌላው «ለ» ጻፉ። በቀን ሦስት ጊዜ እንጂ አራት አይሁን፤ ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ ረጅሙን ሌሊት ሁልጊዜ በአንድ ጎን አያድሩም። በ18ኛው ቀን መገልበጥ አቁሙ፣ ውሃ ጨምሩ፣ ክዳኑን አትክፈቱ። እኔ ከፍቻለሁ። አንዱ ቅርፊቱን ሰብሮ ሲደክም አላስቻለኝምና ረዳሁት። ከ17ቱ ውስጥ የለም።

ያልፈታሁት ነገር መብራት ነው። በ12ኛው ቀን አራት ሰዓት ጠፋ። ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቼ ጥግና ጥግ ከተትኩ፣ ሣጥኑን በጋቢ ጠቀለልኩት፤ ከ35 በታች አልወረደም። ሌሊት ቢሆን ግን ማን ይነሳል? ሁለቱ አምፖሎች 80 ዋት ይበላሉ። በመኪና ባትሪና በኢንቨርተር የሞከራችሁ ካላችሁ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደያዘላችሁ ንገሩኝ። አራተኛውን ዙር ከዚያ በፊት አልጀምርም።