የ«መ» ቁልፌን እንዴት አዳንኩት

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ በኮምፒውተር ጽሑፍ ነው የምተዳደረው። ቀኑን ሙሉ «አመልካች»፣ «ተጠሪ» ስል እውላለሁ። ባለፈው ክረምት የአሮጌው ኪቦርዴ «መ» ቁልፍ አንዴ ስነካው ሁለቴ ይጽፍ ጀመር። በፎነቲክ፣ ማለትም አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እየመታን ስንጽፍ፣ አንድ «ም» ከተደረበ «አመልካች» የሚለው «አምመልካች» ሆኖ ይወጣል። ባለጉዳዩ ያየው ወረቀቱን ይዞ ከሄደ በኋላ ነው። በጣም አፈርኩ።

ሜክሲኮ ያለ አንድ ጠጋኝ «እህቴ፣ ይሄ ጊዜው አልፏል፤ አዲስ ግዢ» አለኝ። ገዛሁ። አዲሱ ከሥሩ ጎማ ነው፤ እስከ ታች ካልተጫኑት አይጽፍም። በሁለት ቀን ጣቶቼን አሳመመኝ። የእኔው ሜካኒካል ነው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስዊችና ስፕሪንግ አለው። አንዱ ቢበላሽ አንዱን ብቻ መቀየር ይቻላል ማለት ነው።

መጀመሪያ የቁልፎቹን ክዳን ነቃቀልኩ። ከሥር የቆሎ ገለባ፣ ፀጉር፣ የስቴፕለር ሽቦ። በአልኮል ጠረግኩት፤ ስዊቹ ውስጥም ጠብ አደረግኩ። ሁለት ቀን ደህና ሆነና ተመለሰበት። ውስጡ ያሉት ስስ የብረት ምላሶች ካረጁ ጽዳት ብቻውን አያድናቸውም።

ሬዲዮ የሚጠግኑ ጎረቤት አሉኝ። ኪቦርዱን ትክ ብለው አዩና «ልጄ፣ ይቺን መቼ ነክተሻት ታውቂያለሽ?» አሉኝ። ጣታቸው ስክሮል ሎክ የሚባለው ቁልፍ ላይ ነበር። ለካ መለዋወጫው እዚያው አጠገቤ ኖሯል!

ስዊቹ ከቦርዱ ጋር የተያያዘው በሁለት እግር ነው፤ እግሮቹ በሊድ፣ ማለትም ቀልጦ በሚያጣብቅ ብረት፣ ተበይደዋል። ሊድ ማቅለጫውን ካውያ እኔው ያዝኩ። የመጀመሪያውን እግር ከመጠን በላይ አሞቅሁትና ዙሪያዋ ያለችው የመዳብ ክብ ተላቃ መጣች። ክው አልኩ። ጋሼ ግን መስመሩን በዓይናቸው ተከትለው በቀጭን ሽቦ አገናኙልኝ። መስመሩ መገናኘቱን የሚለካው ቴስተር ጢጥ ሲል ነው ትንፋሼ የተመለሰው። አሮጌ ሊድ አልቀልጥ ካለ እያሞቁ መቆየት አያስፈልግም፤ ትንሽ አዲስ ሊድ ሲጨመርበት ቶሎ ይለቃል። ሁለተኛውን ስዊች እንደዚያ አወጣሁት፤ አንድም ነገር አልተጎዳ።

አሁን «አመልካች» እንደ ድሮው ይወጣል። ያ የታመመው ስዊች ስክሮል ሎክ ሥር ገብቷል። እዚያ ማንም አይነካውም።