ቁሌቱና ራክማኒኖቭ

ቅዳሜ ጓደኛዬ ለምሳ መጣ። ዶሮ እንደሚሠራ ሰምቶ እንጂ እኔ ናፍቄው አይደለም። መጥቶ ግን ዝም አይልም። የሩሲያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የራክማኒኖቭን ሁለተኛ የፒያኖ ኮንቼርቶ፣ ማለትም ፒያኖ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተውን ሙዚቃ፣ ማን አሳምሮ ተጫወተው? የሁለት ዓመት ክርክራችን ነው።

እኔ ደራሲው ራሱ ነው ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1929 ከፊላደልፊያ ኦርኬስትራ ጋር ሸክላ አስቀርጿል፤ መሪው ስቶኮቭስኪ። ባለቤቱ እያለ ምን አማላጅ ያስፈልጋል? ጓደኛዬ ደግሞ ፒያኖ ተጫዋቹ ሪችተር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1959 ከዋርሶ ፊልሃርሞኒክ ጋር የተቀዳውን ማለቱ ነው።

የኔን አስቀደምኩ። ስፒከሩ ገና «ችስስስ» ከማለቱ እማዬ ዶሮዋን እያጠበች ከነበረበት በረንዳ ተስፈንጥራ «ቁሌቴን!» እያለች ኩሽና ገባች። ድስቱ ሰላም ነው።

«ታዲያ ምንድን ነው የሚጠበሰው?»

«ሸክላው አርጅቶ ነው እማዬ።»

መግቢያው ላይ ፒያኖው ብቻውን ነው። ከሩቅ ይጀምርና እየጎላ፣ እየከበደ ይመጣል። እማዬ እጇ እንደራሰ ቆማ ሰማች። «ማን ሞተ?» አለች። ደወል መስሏት ነው። አልፈረድኩባትም፤ ሌላውም አድማጭ ደወል ነው የሚለው። እኔም አጋጣሚውን ተጠቅሜ ታሪኩን ነገርኳት። ራክማኒኖቭ እ.ኤ.አ. በ1897 የመጀመሪያው ሲምፎኒው መድረክ ላይ ሲወድቅበት መጻፍ አቃተው፤ ዳል የሚባል ሐኪም በሂፕኖቲዝም አከመው፤ ሲድን ይህን ጽፎ ለሐኪሙ መታሰቢያ አደረገለት።

«በዚህ ነው የከፈለው?» አለችኝ።

ቀጥላም «ደግሞ ምን አስቸኮለው? ታክሲ ሊያመልጠው ነው?» ስትል ጓደኛዬ ከሶፋው ዘለለ። «ይኸው! እናትህ ገባት!»

እማዬ ሎሚ ልታመጣ ጎረቤት ሄደች። ማማሰያውን እጄ ላይ አስጨብጣ «እንዳይዝብህ!» ብላኛለች። ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ነው፤ ደቆ የተከተፈ፣ ገና ዘይት ያልነካው። አንዴ አማሰልኩ። ከዚያ ሪችተር ጀመረ።

መግቢያውን ብቻ ልስማ ብዬ ማማሰያዬን እንደያዝኩ ሳሎን መጣሁ። ሰውዬው አይቸኩልም። አንዱን ይመታል፣ ይጠብቃል፣ ሌላውን ይመታል። ልተቸው ነበር የተዘጋጀሁት፤ ሳላስበው ተቀመጥኩ። ኦርኬስትራው ሲገባ በማማሰያው መምራት ጀመርኩ። አንድ የሽንኩርት ቁራጭ ሄዶ ጓደኛዬ ሸሚዝ ላይ አረፈ። ዓይኑን ጨፍኖ ስለነበር አላየም።

ሁለተኛው ክፍል ላይ፣ ፍሉቱ ዜማውን ይዞ ገብቶ ለክላርኔቱ ሲያቀብል፣ ከጀርባው «ችስስስ» ሰማሁ። ደስ አለኝ።

«ያንተም ይጠበሳል!» አልኩት።

ዓይኑን ገለጠ። «ወሬ! ይሄ ስቴሪዮ ነው፤ ቅጂው ንጹሕ ነው።»

«ጆሮህን ታጠብ። ይኸው ችስ ይላል።»

እሱ ስልኬ ርካሽ ስለሆነ ነው አለ። እኔ ኢንተርኔቱ ነው አልኩ። ስፒከሩን ጠጋ ብለን፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመን አዳመጥን። ድምፁ ከዚያ አይመጣም።

ሽታው ቀደመን።

ስንደርስ ኩሽናው በጭስ ተሞልቷል። ሽንኩርቱ ከሥሩ ከስሏል። እማዬ ሎሚዋን እንደታቀፈች በር ላይ ቆማለች። ድስቱን አየች፣ ማማሰያዬን አየች፣ የጓደኛዬን ሸሚዝ አየች።

«ይሄኛውስ ሸክላ የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?»

ዶሮዋ ፍሪጅ ገባች። ምሳ ሽሮ በላን። ጓደኛዬ ሁለተኛ እንጀራ እየቆረሰ፣ ሦስተኛውን ክፍል ገና አልሰማነውም ይለኛል።