ማሳያው «ጨው አነሰ» ሲል

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሆቴል የመዋኛ ገንዳ ላይ እሠራለሁ። ገንዳው 120 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ ክሎሪኑም በዱቄት የሚጨመር ሳይሆን በውሃው ውስጥ ከሟሟ ጨው እዚያው የሚመነጭ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ ከ3 እስከ 4 ግራም ጨው ያለው ውሃ (የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል አለው) በሴሉ (ክሎሪኑ በሚመነጭበት የመሣሪያው ክፍል) ውስጥ ባሉት የታይታኒየም ሰሌዳዎች መካከል ሲያልፍ የኤሌክትሪክ ኃይል ጨውን ወደ ክሎሪን ይለውጠዋል። መሣሪያው መቼ እንደሚያመነጭና መቼ እንደሚያቆም የሚወስነው ግን ከሴንሰሮቹ በሚያገኘው ልኬት ስለሆነ፣ ሴንሰሩ ከተሳሳተ መሣሪያውም፣ መሣሪያውን ያመነ ባለሙያም አብረው ይሳሳታሉ።

ይህ በእኔ ላይ ደርሷል። በታኅሣሥ ወር አንድ ማለዳ ማሳያው የጨው መጠን 2.8 መድረሱንና ጨው መጨመር እንዳለበት አመለከተ፤ እኔም በእጅ መለኪያ ሳላረጋግጥ ባለ 50 ኪሎ ሁለት ጆንያ ጨው አስጨመርኩ። ማሳያው 3.5 ሲል ነገሩ የተስተካከለ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ውሃው አፍ ላይ ይጨዋል የሚል ቅሬታ መጣ፤ በእጅ መለኪያ ስለካው 4.2 ሆኖ አገኘሁት። ምክንያቱን የጠቆመኝ በየማለዳው ገንዳውን የሚያጸዳው ወጣት ነበር። «ጋሼ፣ ማሳያው 29 ዲግሪ ነው ይላል፤ ውሃው ግን እግሬን ቆረጠመኝ እኮ» አለኝ። ቴርሞሜትር ብንከት 20 ዲግሪ ሆነ።

መሣሪያው ጨውን በቀጥታ አይለካም፤ የሚለካው ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ነው። ይህ አቅም ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር 2 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ መሣሪያው የጨውን መጠን የሚያሰላው የሙቀቱን ልኬት ተመልክቶ ነው። የእኛ የሙቀት ሴንሰር መገጣጠሚያው ላይ እርጥበት ገብቶበት ነበር፤ ሽቦውን ስፈታው መዳቡ አረንጓዴ ለብሶ አገኘሁት። የዚህ ዓይነት ሴንሰር ውሃው በሞቀ ቁጥር የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ስለሚቀንስ፣ እርጥበት በጎን በኩል ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍበት መሣሪያው ውሃው የሞቀ ይመስለዋል፤ በዚያው ልክም ጨው ያነሰ ይመስለዋል። የተጨመረ ጨው በማጣሪያ አይወጣም። 23 ሺህ ሊትር ያህል ውሃ አስወጥተን በንጹሕ ውሃ መተካት ግድ ሆነብን፤ የውሃ እጥረት በሚያስቸግርበት ሰፈር ይህን ማድረግ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ማሳያው «ጨው አነሰ» ሲል ጆንያ ከመፈታቱ በፊት በመጀመሪያ ሙቀቱን በቴርሞሜትር፣ ቀጥሎ ጨውን በእጅ መለኪያ አስተያያለሁ። ልኬቶቹ ከተስማሙ ብቻ ጨው ይጨመራል። ካልተስማሙ መገጣጠሚያዎቹን አድርቄ እፈትሻለሁ፤ ከዚያም ሰሌዳዎቹ ላይ ነጭ የኖራ ቅርፊት መያዙን አያለሁ፤ ቅርፊቱ ራሱ ጨውን አሳንሶ ያሳያልና። ቅርፊቱ የሚለቀው አንድ እጅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በአሥር እጅ ውሃ በጥብጦ ለጥቂት ደቂቃ በመዘፍዘፍ ነው። ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲዱ አይጨመርም፤ ጓንትና የዓይን መከላከያም አይቀሩም። በቢላዋ ወይም በሽቦ ብሩሽ መፋቅ የሰሌዳውን ቅብ ስለሚያጠፋ ፈጽሞ አልፈቅድም።

ከሁሉም በላይ የምጠነቀቅለት የውሃ ፍሰት ሴንሰሩን ነው። ክሎሪን ሲመነጭ ሃይድሮጂን ጋዝም አብሮ ይወጣል፤ ውሃው ሲፈስ ጋዙን ይዞት ይሄዳል፣ ውሃው ከቆመ ግን ጋዙ ሴሉ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊፈነዳ ይችላል። የሴንሰሩ ትንሽ ምላስ በፀጉር ወይም በቅጠል ቁራጭ ተይዛ ከቀረች፣ ውሃው ቆሞ ሳለ እንደሚፈስ አድርጋ ታሳያለች። በየሳምንቱ ፓምፑን ለብቻው አጥፍቼ መሣሪያው ማመንጨቱን ወዲያው ማቆሙን አረጋግጣለሁ፤ መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥርም ይህንኑ እደግመዋለሁ።

የፒኤች ፕሮብ (የውሃውን አሲዳማነት የሚለካው ዘንግ) ደግሞ ሌላ ዓይነት እንክብካቤ ይፈልጋል። በየወሩ በለስላሳ ብሩሽ አጥቤ ፒኤቻቸው 7 እና 4 በሆኑ መለኪያ ፈሳሾች አስተካክለዋለሁ። ከገንዳው ሲወጣ ጫፉ መድረቅ የለበትም፤ የሚቀመጠውም በፖታሲየም ክሎራይድ ፈሳሽ ውስጥ ነው። ለመኪና ባትሪ በሚጨመረው የተጣራ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ንጹሕ ነው ብለው የሚመክሩ አሉ፤ ያ ውሃ ግን በፕሮቡ ውስጥ ያለውን ጨው እየሳበ ያዳክመዋል። የክሎሪኑን ኃይል በሚሊቮልት የሚለካው ፕሮብም፣ ፒኤች ከፍ ሲል የክሎሪኑ መጠን ሳይለወጥ ንባቡ ዝቅ ስለሚል፣ ያለ ፒኤች ንባብ ለብቻው መታየት የለበትም።

ሁለቱም ፕሮቦች ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላሉ። ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የተመረቱበትንም ቀን ጠይቁ፤ ካርቶናቸው ሳይከፈት መደርደሪያ ላይ ተቀምጠውም ያረጃሉና።