ኅዳር ላይ ለመጻፍ ጥቅምት ላይ ምን አዘጋጀሁ?

አምና ኅዳር 1 ልቦለድ ጀመርኩ። ኅዳር 6 አቆምኩ። ዋናው ገጸ ባሕሪዬ ድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው። በስድስተኛው ቀን ከሥራ ሲወጣ ልጽፍ ስል ስንት ሰዓት እንደሚወጣ አላውቅም። ላጣራ ብዬ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ሦስት ቀን ስለ ባቡር ሳነብ ቆየሁ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ደብተሩ መመለስ አቃተኝ። ዘንድሮ ጥቅምትን በሙሉ ለዝግጅት ሰጠሁት። ረቂቁ አለቀ።

የሞከርኩት በአንድ ወር ልቦለድ የመጻፍ ፈተና ናኖራይሞ ይባላል። በ1999 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ 21 ሰዎች የጀመሩት ነው። በ30 ቀን 50,000 ቃል መጻፍ ነው ደንቡ። ያስተባብር የነበረው ድርጅት በ2025 እ.ኤ.አ. መዘጋቱን አስታውቋል፤ በየቤቱ የሚጽፍ ሰው ግን አሁንም አለ። እኔ ከኖቬምበር ይልቅ የራሳችንን ኅዳር መረጥኩ። እሱም 30 ቀን ነው።

መጀመሪያ ያስተካከልኩት ቁጥሩን ነው። 50,000 የተባለው ለእንግሊዝኛ ነው። እኛ «አልነገርኳትም» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰው በእንግሊዝኛ አምስት ቃል ይፈጃል። ስለዚህ 30,000 ይበቃኛል አልኩ። ቀጥሎ የቀን መቁጠሪያ ይዤ ተቀመጥኩ። የኅዳር ሚካኤል፣ የጽዮን፣ ጾም ሳይገባ የሚደረግ የዘመድ ሠርግ፣ ሁለት የወር መዝጊያ ቀን በመሥሪያ ቤት፦ አምስቱን አስቀድሜ ሰረዝኳቸው። የቀረው 25 ቀን ነው። በቀን 1,200 ቃል ማለት ነው። የእኔ የደብተር ገጽ 150 ቃል ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ በቀን 8 ገጽ። ከንጋቱ 11 እስከ 1 ሰዓት ማንም እንዳይጠራኝ ከቤተሰቡ ጋር ተስማማን። በእጅ መጻፍን የመረጥኩት መብራት ስለሚጠፋ ነበር። በኋላ ግን ሌላ ጥቅሙን አየሁ። ደብተር ላይ መሰረዝ እንጂ ማጥፋት ስለሌለ እጄ ወደፊት ብቻ ይሄዳል።

ከዝግጅቱ ሁሉ የጠቀመኝ ግን ማን ማንን «አንተ»፣ ማን ማንን «እርስዎ» እንደሚል አስቀድሜ መወሰኔ ነው። ይሄ የአማርኛ ጸሐፊ ሁሉ ራስ ምታት ይመስለኛል። የሠራተኛው ምራት አማቷን «ይብሉ» ትላለች ወይስ «ብላ»? ልጅቷ የድሬ ልጅ ናት፤ ድሬ ደግሞ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ማለት የተለመደ ነው። አማቷ ያደጉት ሸዋ ነው። መሀል ላይ ሐሳቤን ብቀይር ያለፈው ግስ ሁሉ ይበላሻል። «መጣህ»ን «መጡ» እያልኩ ስንት ገጽ ልመለስ ነው? አንድ ወረቀት ላይ የሰዎቹን ስም ጽፌ በቀስት አገናኘኋቸው። በየቀስቱ ላይ «አንተ» ወይም «እርስዎ» ብዬ ጻፍኩ። ምራቷ «አንተ» እንድትል፣ አማቷም በሆዳቸው ቅር እንዲላቸው ወሰንኩ። ሳላስበው የታሪኩን ዋና ጠብ አገኘሁ።

ለመረጃው ደግሞ መጽሐፍ ትቼ ሰው ጋ ሄድኩ። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የሚኖሩ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ቤት አንድ ቅዳሜ ዋልኩ። የፈረቃውን ነገር በአምስት ደቂቃ ነገሩኝ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ስለ እጃቸው ጀመሩ። «ልጄ፣ የግራሶው ሽታ በሳሙና አይለቅም። ባለቤቴ ገና የበሩን ድምፅ ስትሰማ ‹ታጠብ!› ትለኝ ነበር። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ትንሽ ጊዜ ‹ታጠብ› ትለኝ ነበር።» ደብተሬ ላይ ቃል በቃል ጻፍኩት። ከሦስት ቀን ንባብ ይህቺ ትበልጣለች።

ያላዘጋጀሁት ነገርም አለ፤ ሆን ብዬ ነው። የእያንዳንዱን ምዕራፍ ዝርዝር አልጻፍኩም። መነሻዬን፣ እንዲሁም መድረሻዬ በ1998 ክረምት ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የመጣበት ሌሊት መሆኑን ብቻ ነበር የማውቀው። አንድ ጓደኛዬ ሃያውንም ምዕራፍ በዝርዝር ነድፋ ጀመረች፤ ዘጠነኛው ቀን ላይ «ታሪኩን ጨርሼዋለሁ፣ ምኑን ልጽፈው?» አለችኝ። ለሌላው ሰው ዝርዝር ይሠራ ይሆናል። እኔን ግን በጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ዛሬ ምን ይሆናል የሚለው ጉጉት ነው።

የማላውቀው ነገር ሲገጥመኝ ደግሞ አንድ ቃል ነበረኝ፦ «ይጣራ»። በቀይ እጽፍና አልፋለሁ። «ከጣቢያው እስከ ቤቱ (ይጣራ) ደቂቃ ሄደ።» እንዲህ ነው። የአምናውን ስድስተኛ ቀን ዘንድሮ በዚህ ቃል አለፍኩት። 11ኛው ቀን ላይ ጉንፋን ይዞኝ ሦስት ገጽ ብቻ ጻፍኩ፤ ጉድለቱን በሚቀጥሉት አምስት ቀናት አንድ አንድ ገጽ እየጨመርኩ ሞላሁት።

ኅዳር 30 ጠዋት 206ኛው ገጽ ላይ ደረስኩ፤ በግምት 30,900 ቃል። ጽሑፉ ጥሬ ነው፤ አንዳንዱ ገጽ እንደገና ይጻፋል። በሳምንቱ ቀዩን ቃል ቆጠርኩት፦ 83 «ይጣራ»። ዝርዝሩን ይዤ ተመልሼ ከዚራ ሄድኩ። አባባ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ እያነበቡ 31ዱን በአንድ ከሰዓት መለሱልኝ። ከቀሩት አብዛኞቹ የጎርፉን ሌሊት የሚመለከቱ ናቸው። ለእነሱ ያኔ ደቻቱ ዳር ይኖሩ ከነበሩ አንዲት እናት ጋር ለመጪው ቅዳሜ ቀጠሮ ይዣለሁ።