ማን አሸነፈ?

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ሆና ወደ እስራኤል የምትገባበትን ቀን ለምትጠብቀው የአክስቴ ልጅ አንድ ፎቶግራፍ ላክሁላት። እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ፣ ባሕሩ ዳር፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ የእንጨት መምቻ በእጄ ይዤ ባለቤቴ ያነሣችኝ ነው። መልሷ ወዲያው መጣ። «እኛ እዚህ ስማችን እስኪጠራ ስንጠብቅ ፀጉራችን ሊሸብት ነው፤ አንተ ኳስ ትጫወታለህ! አገሩ ሥራ የለውም እንዴ?» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ለመሆኑ ማን አሸነፈ?» ብላ ጻፈች።

ሥራማ አለ። ፎቶግራፉ የተነሣው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ፋብሪካ ውስጥ ቆሜ የምውልባትን ሰዓት ፎቶግራፍ ያነሣልኝ ሰው የለም። ይህን ስነግራት ዝም አለች። ሁለተኛው ጥያቄዋ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ያንኑ ጥያቄ እኔም ከዓመታት በፊት በሰው ፊት ይዤ ቀርቤ ነበርና፣ የዚያን ቀን እፍረት እስከ ዛሬ ከአንጀቴ አልወጣም።

ጨዋታው ማትኮት ይባላል። ሁለት ሰው፣ እጀታቸው አጭር የሆነ ሁለት የእንጨት መምቻ፣ አንዲት ትንሽ የጎማ ኳስ። መረብ የለም፣ መስመር የለም፣ ዳኛ የለም። ማዕበሉ እያራሰ ያጠነከረው አሸዋ ላይ ሰባት ስምንት ሜትር ያህል ተራርቀው ይቆሙና ኳሷን መሬት ሳያስነኩ ይቀባበሏታል። የእስራኤልን የባሕር ዳርቻ በሐምሌና በነሐሴ የረገጠ ሰው ከማዕበሉ ቀድሞ የሚሰማው የመምቻውን ቷ፣ ቷ፣ ቷ ነው። (ጎንደር ዶፍ በሚወርድባት በዚያች ሐምሌ እዚህ ጠብታ የለም፤ የክረምት ሽታ የሚናፍቀኝም ያኔ ነው።) የአገሩ ሰው «ብሔራዊ ስፖርታችን» ይለዋል፤ አጠገቡ ጋደም ብሎ ዕረፍት የፈለገው ደግሞ ይረግመዋል።

እኔና እናቴ እስራኤል የገባነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ነው፤ የእስራኤል መንግሥት «የመጨረሻው በረራ» ብሎ ባወጀበት ዓመት። የመጨረሻው እንዳልነበረ የአክስቴ ልጅና አብረዋት የቀሩት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያውቁታል። እኛ ገባን፣ አክስቴ ከነልጆቿ ቀረች። አንድ ቤተሰብ እንዴት ለሁለት እንደሚሰነጠቅ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

በማግሥቱ ዓመት፣ ገና ዕብራይስጥ እየተማርሁ ሳለ፣ አንድ ዓርብ ብቻዬን ከገደሉ አናት በአሳንሰር ወደ ሲሮኒት ዳርቻ ወረድሁ። ጣናን እንጂ ባሕር አላውቅም ነበር። እርቃን ለመቅረት ጥቂት የቀረው ሕዝብ መካከል ሸሚዜን እስከ አንገቴ ቆልፌ ቆምሁ። አንዲት ሴት ጠጋ ብላ የቆሻሻ ማጠራቀሚያው እንደ ሞላ ነገረችኝ፤ ጽዳት ሠራተኛ መስያት ነው። ተናደድሁ፤ ግን የዚያን ቀን ታሪክ ብዬ የያዝሁት እርሱን አይደለም። እርሷ ያጠፋችው የራሷ ነው። እኔን የሚቆረቁረኝ እኔ ያጠፋሁት ነው።

ሰባ ዓመት የሞላው፣ ፀሐይ ያጠቆረው አንድ ሽማግሌ ማትኮት ይጫወት ነበር። ጓደኛው ሰዓቱን አይቶ ሄደ። ሽማግሌው ግራ ቀኙን ቃኘና ትርፉን መምቻ ወደ እኔ ዘርግቶ «ና» አለኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከመጣሁ ጀምሮ ወረቀት ፈርም ሳይለኝ «ና» ያለኝ የመጀመሪያው የአገሬው ሰው እርሱ ነው።

ኳሷን በዝግታ፣ ልክ ደረቴ ላይ ላከልኝ። እኔ በገና ጨዋታ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ሰፈራችን ከክርስቲያኖቹ ጎረቤቶቻችን ጋር አንድ ሜዳ ላይ ሩር ስንመታ፣ ሩሯን ከባላጋራ ማራቅ እንጂ ለባላጋራ ማቀበል የሚባል ነገር አናውቅም። ባለኝ ኃይል መታሁ። በጎኑ አለፈች። ሽማግሌው ቀስ ብሎ ሄዶ፣ ጉልበቱን ይዞ አጎንብሶ አነሣት። ተመለሰና እንደገና ደረቴ ላይ ላከልኝ። አሁን ደግሞ ወደ ግራው፣ እጁ በማይደርስበት በኩል ሰደድኋት። አጎነበሰ። ሦስተኛዋን ከራሱ በላይ አሳለፍኋት፤ ያን ጊዜ ጣቴን ወደ ላይ አንሥቼ በዚያው ሳምንት በተማርሁት ቁጥር «ሻሎሽ ኤፌስ!» ብዬ ጮኽሁ። ሦስት ለባዶ ማለቴ ነው።

አጠገባችን የተጋደሙት ቀና አሉ። ሽማግሌው ኳሷን በመዳፉ ይዞ «ሦስት ምን?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ከኋላዬ ዐሥር ዓመት የማይሞላው የእኛው ልጅ፣ እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ በተሰባበረ አማርኛ «አንተ፣ እዚህ ጨዋታ ውስጥ አሸናፊ የለም እኮ። እሱ የሚሰጥህ እንድትመልስለት ነው» አለኝ። አንቱታውንም «ጋሼ»ውንም እዚያ ማንም አላስተማረውም፤ እውነቱን ግን ተናግሯል።

ሰዎቹ ሣቁ። የሣቁት በክፋት አይደለም፤ እኔ ግን ሣቃቸውን የሰማሁት ቆይቶ ነው። ያኔ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። አባቴ የሚሆን ሰው ሦስት ጊዜ ከመሬት ሲያጎነብስ እኔ ቆሜ ጣቴን እቆጥራለሁ! እኛ አገር ሽማግሌ ዱላው ሲወድቅ እንኳ ሰው ሁሉ ተንደርድሮ የሚያነሣለት ነው። እናቴ አይታ ቢሆን ኖሮ እዚያው ትረግመኝ ነበር። መምቻውን በሁለት እጄ መለስሁለትና፣ ዕብራይስጡ ጠፍቶብኝ በአማርኛ «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልሁት።

የቀረውን ባይረዳውም «አባ» የሚለውን ሰማ። በዕብራይስጥም አባት «አባ» ነው። መምቻውን አልተቀበለኝም። «ቁም» አለኝና ማስተማር ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ እየተገናኘን አንድ ወቅት ሙሉ አስተማረኝ። ክንድህን ከትከሻ አትወርውር፣ በእጅ አንጓህ ብቻ ግፋ። ጉልበትህን ላላ አድርግ። ኳሷን ከፊትህ፣ በሆድህ ትክክል ያዛት። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ ስለሚነሣ ወደ ውሃው በኩል ትንሽ አስበልጠህ ላክ። ከሁሉም በላይ የጓደኛህን እጅ እይ፤ መምቻውን ገና ሳያነሣ አትላክበት። አንድ ቀን በብርቱ መትቼ፣ ይመልሳታል ብዬ ያልጠበቅኋትን ኳስ መለሰልኝና «ጥሩ ኳስ ማለት እኔ የምመልሳት ናት» አለኝ። ጎበዞቹ ጨዋታውን ሲያከሩት አንዱ እየመታ አንዱ ይከላከላል፤ መቺው እንደ ጥይት ይልካል፣ ተከላካዩ መምቻውን ደረቱ ላይ ጥዶ አብርዶ ይመልስለታል። ላያቸው ጠላት ይመስላሉ። ያ መቺ ግን የሚመታው ጓደኛው መምቻ ላይ ነው፤ አንድ ክንድ ወዲያ ቢልክ ጨዋታው ያበቃል።

ይህ ለእኛ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ወንፈል ምንድን ነው? ዛሬ እኔ ላንተ አርሳለሁ፣ ነገ አንተ ለእኔ። ማትኮት አሸዋ ላይ የሚታረስ ወንፈል ነው፤ ይህን ለመረዳት ግን ዓመት ፈጀብኝ። ስደት ሁሉን ነገር ውድድር አድርጎብኝ ስለነበር ይመስለኛል፤ ማን ቀድሞ ቋንቋ ለመደ፣ ማን ቀድሞ ቤት ገዛ፣ የማን ልጅ የት ገባ እያልን እርስ በርስ ስንቆጣጠር እንውላለን። በዚያ ላይ ይሉኝታችን አለ። ትልቅ ሰው አደባባይ ላይ እየወደቀ መማር ይከብደዋል፤ ከመሳሳት ዝም ማለት ይሻለዋል። ስንቱን አባት አውቃለሁ፣ ሐኪም ፊት ሕመሙን በልጁ አፍ የሚናገር፣ ቋንቋውን ተምሮ ከመሳሳት ይልቅ ቤት መዋልን የመረጠ!

የአገሬዎቹም ጠባይ ደግሞ ግራ ያጋባል። አውቶቡስ ሲመጣ ወረፋ ጥሰው የሚጋፉት፣ መብራቱ አረንጓዴ ሳይሆን ጥሩንባ የሚነፉት፣ ሰላምታ ሳይሰጡ ደመወዝህን የሚጠይቁህ ሰዎች ባሕሩ ዳር ሲደርሱ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመው ለሰው ምቹ ኳስ ይልካሉ። ሽማግሌውን ጠይቄው ነበር። በ1949፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ከትሪፖሊ በመርከብ ነው የመጣው። ድንኳን ውስጥ ኖሯል። ዕብራይስጥ የቆጠረው በዚህ ኳስ እንደሆነ ነገረኝ፤ ቆጥሮ ሲሳሳት የሚያርመው አጠገቡ ስለነበር።

ስለዚህ የአክስቴ ልጅ፣ አንቺም አብረሽ የምትጠብቂያቸውም ስሙኝ። ፎቶግራፍ አይታችሁ አትቅኑ፣ አትሸወዱ። «ነገ ልሄድ ነው» ብላችሁ ከብት አትሽጡ፣ ብድር አትግቡ፣ የልጅ ትምህርት አታቋርጡ፤ ነገ የተባለው ስንት ዓመት እንደሆነ አይታችሁታል። የዕብራይስጡን ፊደል ከአሁኑ ቁጠሩ፤ እዚህ ስትደርሱ የሚያርማችሁ ሕፃን ቢሆንም አትቆጡት። ባሕሩንም ፍሩት። ዋና ሳይችሉ የሚገቡ አሉ። ነጭ ባንዲራ ሲሰቀል ውሃው የተረጋጋ ነው፣ ቀዩ አደገኛ ነው፣ ጥቁሩ ከተሰቀለ መግባት ክልክል ነው። የዋና ጠባቂ በሌለበት ዳርቻ ባንዲራም ስለሌለ ዝር አትበሉ። ጠባቂው በድምፅ ማጉያ ሲጮኽባችሁ ሰደበኝ ብላችሁ አትኩረፉ፤ በሁሉም ላይ ነው የሚጮኸው፣ ነፍስም ያድናል።

ሽማግሌው ዛሬ ከሰማንያ አልፏል። መምታት ትቷል፤ ከባሕሩ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያርመኛል። እኔ ግን አብዝቼ የማስበው የዚያን የመጀመሪያ ወቅት ማብቂያ ነው። እናቴን ለምኜ ይዣት ወረድሁ። የሰንበቱን ዳቦ ጋግራ ጨርሳ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ ጀርባዋን ለዋናተኞቹ ሰጥታ ተቀመጠች። ጨዋታውን ስንጀምር ሳላስበው በአማርኛ ድምፅ አውጥታ መቁጠር ያዘች። እርሱም እንደ ልማዱ በዕብራይስጥ ይቆጥራል። ሠላሳን አለፍን፣ ሃምሳን አለፍን። ክንዴ ዛለ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሰማንያ። ከዚያ በላይ ደርሰን አናውቅም ነበር። አንድ ጠንካራ ማዕበል እግሬን መታኝና ኳሷ አመለጠችኝ።

«ዘጠና ሰባት!» አለች እናቴ።

«ቲሽዒም ቬሼሽ» አለ እርሱ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ምን ይላል?»

«ዘጠና ስድስት ነው ይላል።»

«አንዷን የት አደረጋት?» አለች ነጠላዋን ከአፏ ገለጥ አድርጋ። «ሰንበት ሊገባ ገና ሁለት ሰዓት አለ። ድገሙት በለው።»

ነገርሁት። ኳሷን አንሥቼ በሁለት እጄ ሰጠሁት፣ እርሱም ደረቴ ላይ ላከልኝ።