150 ቁጥር ዘይት

ነገሩ ካለፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል። አሁንም ፓምፕ ሲጮኽ ስሰማ ሆዴ ይረበሻል።

ደብረ ብርሃን ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ላሜራ የሚያጥፍ አሮጌ የአሜሪካ ፕሬስ ነበረን። የሃይድሮሊክ ዘይቱ መቀየሪያ ደረሰ። ታንከሩ ላይ ያለችው ፕሌት የዘይቱን ውፍረት «150 ኤስኤስዩ በ100 ፋራናይት» ትላለች። እኔ ግዥ መጠየቂያው ላይ «የሃይድሮሊክ ዘይት፣ 150 ቁጥር፣ አንድ በርሚል» ብዬ ጻፍኩ። ፎርሙ ለመለኪያው ቦታ የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚጠይቀው። ግዥ ክፍል የጻፍኩትን ገዛ። በርሚሉ «አይኤስኦ ቪጂ 150» ተብሎ ተጽፎበት መጣ።

የክፍላችን አንጋፋ መካኒክ በርሚሉን ከፈቱና ጣታቸውን ነከሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዘይቱን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል አሸት አሸት አደረጉት። ከዚያ ጣቶቻቸውን ለየት አድርገው ሲለጠጥ አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ የጊርቦክስ ዘይት ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ እኮ አንድ ነው። ማሽኑ ላይ 150፣ በርሚሉ ላይ 150።»

«ቁጥሩንማ አየሁት። እኔ የምልህ ዘይቱን ነው። ይቺ ማሽን እንዲህ ያለ ነገር ጠጥታ አታውቅም።»

«ታዲያ ፕሌቱን ትተን በጣት እንለካ ነው የሚሉኝ?»

ዝም አሉ። ጣታቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «እሺ፣ የተማርከው አንተ ነህ» አሉና የዘይት መሙያውን ሊያመጡ ሄዱ።

በሽሙጥ አልነበረም። የሚከነክነኝም ይሄ ነው። ቢቆጡኝ ኖሮ ምናልባት ቆም ብዬ አስብ ነበር። እሳቸው ግን ከልባቸው አመኑኝ። ይሄ ልጅ እኔ የማላውቀውን ቢያውቅ ነው ብለው ተውት።

በማግስቱ ጠዋት ፕሬሱን አስነሳነው። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል። ፓምፑ ጠጠር እንደሚፈጭ ወፍጮ መንኳኳት ጀመረ። ዘይቱ ከመወፈሩ የተነሳ በመሳቢያው ቱቦ በቶሎ አይደርስለትም። ስለዚህ ውስጡ ባዶ አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋው ሲፈርስ ብረቱን ይመታዋል። ከተማዋ ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። ዘይቱን ወደ ፓምፑ የሚገፋው የአየር ግፊት ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ያንሳል። «ሲሞቅ ይስተካከላል» ብዬ እንዲሠራ ተውኩት። ከሰዓት በኋላ ፓምፑን ስንፈታው ውስጡ ተፋፍቆ አገኘነው።

ማታ ቤቴ ገብቼ መጽሐፍ ገለጥኩ። ኤስኤስዩ ማለት የሴይቦልት ሰከንድ ነው። 60 ሚሊ ሊትር ዘይት በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ፈስሶ እስኪያልቅ የሚፈጀው ጊዜ ማለት ነው። በርሚሉ ላይ ቪጂ ከሚለው የውፍረት ደረጃ አጠገብ ያለው 150 ግን ሴንቲስቶክ የሚባል ሌላ መለኪያ ነው፤ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተለካ። አንድ ሴንቲስቶክ በሰከንድ አንድ ስኩዌር ሚሊ ሜትር ነው። ወፈር ላለ ዘይት ሰከንዱን ለ4.63 ማካፈል ይበቃል። 150 ሲካፈል 32 ገደማ ይመጣል። ፕሬሱ የሚፈልገው ቪጂ 32 ነበር። ቪጂ 150 በሴይቦልት 700 ሰከንድ ገደማ ነው። አምስት እጥፍ ሊጠጋ ምንም ያልቀረው ወፍራም ዘይት ነው የሞላሁባት።

በማግስቱ የመቀየሪያ ሰንጠረዥ ሠርቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ለቀጭን ዘይት ማካፈሉ እንደማይሠራ ስለገባኝ እያንዳንዱን ቁጥር ከመጽሐፉ ገለበጥኩ። 50 ሰከንድ ለምሳሌ 7.4 ሴንቲስቶክ ገደማ ነው፤ ዝም ብሎ ያካፈለ ሰው ግን 11 ሊጠጋ ነው የሚያገኘው። በሰንጠረዡ ኮርቼበት ነበር።

ጥቂት ወራት ቆይቶ የጣሊያኑ ቶርኖ ተራ ደረሰ። ማኑዋሉ «4 ዲግሪ ኤንግለር» ይላል። ኤንግለር ደግሞ ሌላ የውፍረት መለኪያ ነው፤ 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ለመፍሰስ የፈጀውን ጊዜ ለውሃው ጊዜ ማካፈል ነው። ሰንጠረዡን አየሁ፤ 30 ሴንቲስቶክ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ቪጂ 32 እስቶር አለ። ጋሼ ከእሱ ጠብታ ወስደው አሹት። «ቀጠነ» አሉ።

በዚህኛው ጊዜ አልተከራከርኩም። ማኑዋሉን መልሼ ገለጥኩት። ከ4ቱ አጠገብ በደቃቅ ፊደል 50 ሴንቲግሬድ ተጽፏል። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። በ50 ዲግሪ 30 የሚመጣው ዘይት በ40 ዲግሪ ሲለካ 46 አካባቢ ነው። ቪጂ 46 አስገዛን። ሰንጠረዤ መለኪያውን በትክክል ቀይሮልኝ ነበር፤ ሙቀቱን ግን የምጽፍበት ቦታ አልተውኩለትም። እንደዚያ ፎርም መሆኑ ነው።

እስካሁን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ፓምፑ የተበላሸ ሳምንት ሪፖርት ተጻፈ። «ምክንያት፦ የዘይት ጥራት ጉድለት» ይላል። የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፤ የጻፉት እኔን ለማዳን ብለው ይሆናል። ፊርማዬ ግን አለበት። ዘይቱ ምንም ጉድለት አልነበረበትም። የተጻፈበትን ያህል ንጹሕ ቪጂ 150 ነው። ከዚያ በኋላ የክፍሉ ሰዎች ከዚያ ነጋዴ መግዛት አቆሙ።

ነጋዴው አንድ ቀን ስልክ ደወለ። ያነሳሁት እኔ ነኝ። አልጮኸም። «ወንድሜ፣ እኔ የጠየቃችሁኝን ነው ያቀረብኩት። መጠየቂያችሁ እጄ ላይ ነው፤ በእጅ ነው የተጻፈው፣ 150 ይላል» አለኝ።

የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ አልነገርኩትም።