መስመሩን ከማስመራችሁ በፊት ነፋሱን እዩ

ለካርታ ሥራ ከአየር ላይ መሬት የሚቀይስ ባለ ቋሚ ክንፍ የኤሌክትሪክ ድሮን እንደ ባለ አራት ፕሮፔለሩ አየር ላይ ቆሞ ፎቶ አያነሳም፤ ካልሮጠ ይወድቃል። ስለዚህ የቅየሳው ጥራት የካሜራው ጉዳይ ብቻ አይደለም። መሬቱ ከሥሩ በምን ፍጥነት እንደሚያልፍም ይወስነዋል።

በቁጥር እንየው። ፎቶው 5472 በ3648 ፒክሰል፣ ሌንሱ 8.8 ሚሊ ሜትር፣ የሴንሰሩ ፒክሰል 2.4 ማይክሮን ቢሆን ከ120 ሜትር ከፍታ አንዱ ፒክሰል መሬት ላይ 3.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይይዛል። አንድ ፎቶ 179 በ119 ሜትር ይሸፍናል። ሶፍትዌር ፎቶዎቹን ወደ አንድ ካርታ እንዲገጣጥማቸው እርስ በርስ መደራረብ አለባቸው፤ በበረራው አቅጣጫ 80 በመቶ እንዲደራረቡ በየ24 ሜትሩ አንድ ፎቶ መነሳት አለበት፤ በሰከንድ 15 ሜትር ለሚበር ድሮን 1.6 ሰከንድ መሆኑ ነው። በሰከንድ 8 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከኋላ ሲገፋው ግን የመሬት ፍጥነቱ 23 ይገባል፣ ፋታው ወደ 1 ሰከንድ ይወርዳል። ዘገምተኛ ካሜራ ካርዱ ላይ ጽፎ ሳይጨርስ ቀጣዩ ትእዛዝ ይደርስበታል። አንዲት ፎቶ ስትዘለል እዚያ ቦታ ላይ መደራረቡ 60 ብቻ ይቀራል። ካርታው ድሮኑ በሄደበት የበረራ መስመር አምሮ በተመለሰበት በቀጣዩ ከተቦዳደሰ፣ ሶፍትዌሩን ከመውቀስ በፊት የዕለቱን ነፋስ መጠየቅ ነው።

መድኃኒቱ መስመሮቹን ነፋሱን አቋርጠው እንዲሄዱ ማዞር ነው። ያኔ በሁለቱም አቅጣጫ ፍጥነቱ እኩል፣ 12.7 ሜትር ገደማ ይሆናል። ነፃ ግን አይደለም፦ ድሮኑ መስመሩን ለመጠበቅ አፍንጫውን 32 ዲግሪ ያህል ወደ ነፋሱ ያዞራል፣ ፎቶውም አብሮት ይጣመማል። የጎን መደራረቡን ከ70 ወደ 75 በመቶ አድርጉት፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከ54 ወደ 45 ሜትር ይጠባል፣ ባትሪም ይበላል። ካሜራው በሰዓት ሳይሆን በርቀት እንዲተኩስ አድርጉ።

የሹተሩ (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚያስገባው መጋረጃ) ፍጥነት ላይ አትሰስቱ። በ23 ሜትር ፍጥነት 1/500 ሰከንድ ማለት 4.6 ሴንቲ ሜትር መንሸራተት ነው፤ ከአንድ ፒክሰል ያልፋል። 1/1600 ወደ 1.4 ሴንቲ ሜትር ያወርደዋል። ጥቂት ጨለም ያለ ፎቶ ከደበዘዘው ይሻላል።

መነሻችሁን ነፋሱ በሚሄድበት ጫፍ ያዙ። በተቃራኒው ከሆነ፣ ሥራ ጨርሶ ባትሪው የደከመ ድሮን 1.5 ኪሎ ሜትር ፊት ለፊት እየታገለ በሰከንድ 7 ሜትር ሲመለስ ከሦስት ደቂቃ ተኩል በላይ ይፈጅበታል። ባለ 4 ሴል ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ሲሞላ 16.8 ቮልት ነው፤ 14 ላይ ወደ ቤት እንዲመለስ ማዘዝ ደህና ልክ ነው።

ከመወርወራችሁ በፊት ባትሪውና ካሜራው ቦታቸውን እንደያዙ ድሮኑን ከክንፉ ሥር፣ አምራቹ ምልክት ባደረገበት ቦታ፣ በሁለት ጣት አንሱት። ጭራው ከወረደ ባትሪውን ወደፊት ግፉ። አፍንጫው የከበደ ድሮን ሰነፍ ነው፣ ግን ይበራል፤ ጭራው የከበደው ከእጅ እንደወጣ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ፍጥነቱን ይጨርስና ይወድቃል።